የመዝናኛ ፓርክ በድምፅ ብልጫ አይመረጥም



በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን መካከል የሚገኘው የቲቮሊ መዝናኛ በ1843 ሲከፈት፣ መሥራቹ ጌዮርግ ካርስተንሰን ከንጉሥ ክርስቲያን ስምንተኛ ፈቃድ ያገኘው፣ ሕዝብ በሚዝናናበት ሰዓት ስለ ፖለቲካ አያስብም በሚል ማግባቢያ እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።) ፈቃዱ ተሰጠ፤ ቲቮሊም እነሆ እስከ ዛሬ አለ።

ማግባቢያው ለንጉሥ ጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ይህ ጸሐፊ ግን እውነትነቱን ይጠራጠራል። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ያሉት ማንኛውም ቤተሰብ “ዘንድሮ ወደ የትኛው የመዝናኛ ፓርክ እንሂድ?” ብሎ በተነሣ ቀን ፖለቲካ ከቤት አይወጣም፤ እንዲያውም በሩን ከፍቶ ገብቶ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ፍላጎቱ ብዙ፣ ሀብቱ ጥቂት ነው። ጮኾ የሚናገር አለ፤ አፉን በቅጡ ያልፈታም አለ። የሚወስን አለ፤ ውሳኔውን የሚሸከምም አለ። ፖለቲካ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት በሚወራበት ገጽ ላይ የሮለር ኮስተርን ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋምና መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። ልጅ መንግሥትን የሚያውቀው ከፓርላማ አይደለም። የመጀመሪያው መንግሥቱ ቤቱ ነው፤ የመጀመሪያው የበጀት ክርክርም ማታ ማታ ከወላጆቹ መኝታ ቤት የሚሰማው ንግግር ነው። በዚያች ትንሽ ግዛት ውስጥ የደካማው ወገን ድርሻ እንዴት እንደሚታሰብ ያየ ልጅ፣ ሲያድግም በትልቋ ግዛት ውስጥ ያንኑ ይፈልጋል፤ ወይም ያንኑ ይነፍጋል።

አንድ ቀን፣ አንድ መኪና፣ አንድ ኪስ

ነገሩን በአየር ላይ ከማንሳፈፍ ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነ አብነት እንውሰድ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድርያ ባለው አካባቢ የሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። የ15 ዓመት ታላቅ ወንድ ልጅ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ታናሽ ወንድ ልጅ አሉ። የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡ አያትም አሉ። እናት በሌሊት ፈረቃ፣ አባት በቀን ፈረቃ ይሠራሉ፤ ሁለቱም አንድ ላይ የሚያርፉበት ቀን በትምህርት ቤት የዕረፍት ወራት ውስጥ ቢፈለግ አንድ ነው። ያችን አንድ ቀን ምን ላይ እናውላት?

አማራጩ ብዙ ይመስላል። ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዱ በ1975 የተከፈተው ኪንግስ ዶሚኒየን አለ። በዚያው ዓመት በዊሊያምስበርግ የተከፈተው ቡሽ ጋርደንስ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል ይርቃል። ወደ ሰሜን፣ በፔንስልቬንያ፣ ቸኮሌት ሠሪው ሚልተን ኸርሺ በ1906 ለፋብሪካው ሠራተኞች መዝናኛ ብሎ የመሠረተው ኸርሺፓርክ አለ፤ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በላንካስተር፣ ለትናንሽ ልጆች ታስቦ በ1963 የተከፈተው ደች ወንደርላንድ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በሩቁ ይጣራል፤ ይሁን እንጂ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የአንድ ቀን ሳይሆን የአንድ ዓመት ቁጠባ ጉዳይ ነው።

ቅርቡና ለብዙዎች የለመደው ግን ዛሬ የለም። በሜሪላንድ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ባለቤቱ ኩባንያ በ2024 ከሴዳር ፌር ጋር ከተዋሐደ በኋላ በኖቬምበር 2025 መጀመሪያ በሩን ዘግቷል። ከሥራ በኋላም ቢሆን ልጆችን ይዞ ጎራ ማለት ይቻልበት የነበረው ስፍራ በኩባንያ ቦርድ ውሳኔ ሲዘጋ፣ የዚያ አካባቢ ወላጅ ምርጫ ሁሉ የረጅም መንገድ ምርጫ ሆነ። መንገዱ ሲረዝም ደግሞ የተሳሳተ ምርጫ ዋጋው ይከብዳል።

ድምፅ ስንሰጥ

ዲሞክራሲን የሚወድ አባት “እንግዲያውስ ድምፅ እንስጥ” ይላል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ውጤቱን ግን እንመልከት።

ታላቁ ልጅ በመጀመሪያ የሚመርጠው ትልልቅ ሮለር ኮስተሮች ያሉበትን ኪንግስ ዶሚኒየንን ነው፤ ካልሆነ ኸርሺፓርክ፣ በመጨረሻም “የሕፃናት ቦታ” የሚለው ደች ወንደርላንድ። የ9 ዓመቷ ልጅ የቸኮሌቱን ከተማ ኸርሺን ታስቀድማለች፤ ቀጥላ ደች ወንደርላንድን፣ በመጨረሻም የሚያስፈራትን ኪንግስ ዶሚኒየንን። ታናሹ ቤተ መንግሥት ያየበትን ደች ወንደርላንድን ይላል፤ ያ ካልሆነ ስኑፒ የተባለው ውሻ ወደሚገኝበት ኪንግስ ዶሚኒየን፤ ኸርሺ ለእርሱ የመጨረሻ ነው።

አሁን ሁለት ሁለቱን እያወዳደርን እንቁጠር። ኪንግስ ዶሚኒየን ኸርሺን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። ኸርሺ ደች ወንደርላንድን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። ደች ወንደርላንድ ደግሞ ኪንግስ ዶሚኒየንን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። ሁሉም አሸናፊ፣ ሁሉም ተሸናፊ! ይህን እንቆቅልሽ ፈረንሳዊው ሊቅ ማርኪ ደ ኮንዶርሴ በ1785 ጽፎታል፤ ዛሬም በስሙ የኮንዶርሴ ፓራዶክስ ይባላል። ኬኔት አሮው ደግሞ በ1951 ከዚህ ርቆ ሄዶ፣ አማራጮች ሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑበት ሁኔታ የእያንዳንዱን ሰው ምርጫ ወደ አንድ የጋራ ደረጃ የሚለውጥና ጥቂት ምክንያታዊ መመዘኛዎችን ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ ሥርዓት እንደማይገኝ በሒሳብ አሳየ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አሸናፊውን የሚወስነው ድምፁ ሳይሆን የድምፅ አሰጣጡ ቅደም ተከተል ነው። አባት መጀመሪያ ኪንግስ ዶሚኒየንንና ኸርሺን አወዳድሮ አሸናፊውን ከደች ወንደርላንድ ጋር ቢያጋጥም ደች ወንደርላንድ ይመረጣል። መጀመሪያ ኸርሺንና ደች ወንደርላንድን ቢያወዳድር መጨረሻው ኪንግስ ዶሚኒየን ነው። ከደች ወንደርላንድና ከኪንግስ ዶሚኒየን ቢጀምር ደግሞ ኸርሺ ያሸንፋል። ልጆቹ አንድም ድምፅ ሳይለውጡ አባት የፈለገውን ሁሉ ማስመረጥ ይችላል ማለት ነው! አጀንዳ የያዘ ሰው ኮሮጆ መስረቅ አያስፈልገውም። ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር ከፓርክ ውጪም የምታውቁት ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ከዚህም ሌላ የድምፅ ብልጫ ሊያየው የማይችለው ነገር አለ። ድምፅ የፍላጎትን አቅጣጫ እንጂ ጥልቀቱን አይቆጥርም። ታላቁ ልጅ በኸርሺ ምንም አይጎዳም፤ ታናሹ ግን ተገቢው ቦታ ካልተመረጠ ሙሉ ቀኑን በጋሪ ውስጥ ተቀምጦ የሌሎችን ደስታ ሲያይ ይውላል። ሁለቱም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ የሚያጡት ነገር ግን እኩል አይደለም።

ቁመት የሚለካበት እንጨት

ፓርኩ ደጃፍ ስንደርስ ቤት ውስጥ ያልታሰበበት ሌላ መራጭ ይጠብቀናል፤ እርሱም በየመጫወቻው መግቢያ የቆመው የቁመት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ለምኖ አይለመንም። ደግሞም ትክክል ነው፤ የመቀመጫው ማሰሪያ የሚሠራው በአካል መጠን እንጂ በልጁ ጉጉት አይደለምና።

ኸርሺፓርክ ጎብኚዎቹን በቁመት ከፋፍሎ ለየክፍሉ የከረሜላና የቸኮሌት ስም ሰጥቷል። ከ36 ኢንች (91 ሳንቲ ሜትር) በታች የሆነው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ከዚያም በየ6 ኢንቹ ከፍ እያለ እስከ 60 ኢንች (152 ሳንቲ ሜትር) እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የ4 ዓመት ልጅ በአማካይ 40 ኢንች ያህል ነው። ስለዚህ በ1946 የተሠራውና ኮሜት የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር 42 ኢንች ሲጠይቅ፣ ታናሹ በሁለት ኢንች ይቀራል። የ9 ዓመቷ 52 ኢንች ብትሆን፣ ሁለት ባቡሮች የሚሽቀዳደሙበትን ላይትኒንግ ሬሰር ከታላቅ ወንድሟ ጋር መሣፈር ትችላለች፤ የሚፈለገው 48 ኢንች ነውና። 64 ሜትር ከፍታ ያለውና በ2020 የተከፈተው ካንዲሞኒየም ግን 54 ኢንች ስለሚጠይቅ ደጃፉ ላይ ይመልሳታል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ታናሹ ሲጨነቅ የሚረሳው የመካከለኛዋ ልጅ ዕጣ ነው። ታናሹ ከኮሜት ቢከለከል የእንጨት ፈረሶቹ ሽክርክሪት ይበቃዋል። እርሷ ግን ለሽክርክሪቱ “ትልቅ ነኝ” ያለች፣ ለካንዲሞኒየም ግን ትንሽ የሆነች ናት። በብዙ ቤት ውስጥ ወላጆች ታላቁን ስለሚፈሩት፣ ታናሹን ስለሚያዝኑለት፣ የሁለቱን ስምምነት ወጪ የሚከፍለው መካከለኛው ነው። መካከለኛ መደብም በብዙ አገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ተግባራዊ ምክር፤ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ልጆቹን ቤት ውስጥ፣ በሚሄዱበት ጫማ ለኩ። የፓርኩን የዘንድሮ ዝርዝር ከድረ ገጹ አውጡ፤ መመዘኛው ሊሻሻል ይችላልና። “ይህን ትችያለሽ፤ ይህን ለከርሞ ትደርሺበታለሽ” ብሎ አስቀድሞ መንገር፣ ከኋላ አንድ መቶ ሰው በተሰለፈበት ደጃፍ ላይ ከሚመጣ ዕንባ ያድናል። ሕግ አስቀድሞ ሲታወቅ ቢከብድም ይቻላል፤ በደጃፍ ላይ ሲነገር ግን ውርደት ነው።

ዝቅተኛው ድርሻ

ድምፅ ካልሠራ፣ ቁመትም ካልለመነ፣ በምን እንምረጥ? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳቡ፣ በማኅበረሰብ ውስጥ የሚኖር ልዩነት ተቀባይነት የሚኖረው ዝቅተኛውን ድርሻ የያዘውን ወገን የሚጠቅም ሲሆን ነው ብሎ ተከራክሯል። ከዚህ ሐሳብ ለቤታችን የሚሆን ቀላል መመሪያ መቅዳት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ፓርክ “እዚህ ብንሄድ ቀኑ የሚከፋበት ማን ነው?” ብለን እንጠይቅ፤ ከዚያም የዚያ ሰው ቀን የተሻለ የሚሆንበትን ፓርክ እንምረጥ።

ልብ በሉ፤ ይህ “ለትንሹ ልጅ እንምረጥ” ማለት አይደለም። ደች ወንደርላንድ ብንሄድ ቀኑ የሚከፋበት ታላቁ ልጅ ነው፤ የ15 ዓመት ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ የወንድሙ እረኛ ሆኖ ይውላል። ኪንግስ ዶሚኒየን ብንሄድ ታላቁ ይነግሣል፤ ታናሹም በስኑፒ ሠፈር የራሱን ያገኛል፤ የምትጨነቀው የ9 ዓመቷ ናት፤ በፀሐይ ወዲህና ወዲያ የሚንከራተቱት ደግሞ አያት ናቸው። ቡሽ ጋርደንስ በአውሮፓ መንደሮች አምሳል የተሠራ፣ ለትናንሾች የሰሲሚ ስትሪት ክፍል፣ ለታላላቆች ኃይለኛ ሮለር ኮስተሮች ያሉት በመሆኑ ሚዛኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደርሶ መልሱ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የ4 ዓመቱ ልጅ የቀኑን እኩሌታ ወንበር ላይ ታስሮ ያሳልፋል።

ኸርሺፓርክስ? ለታላቁ ከ54 ኢንች በላይ የሆነ ሰው የሚመኛቸው ሮለር ኮስተሮች አሉለት። ለመካከለኛዋ ከወንድሟ ጋር የምትካፈላቸው መጫወቻዎችና የውኃ መጫወቻው ክፍል አሉ። ለታናሹ በ1919 የተሠራው የእንጨት ፈረሶች ሽክርክሪት አለ። ለአያት ደግሞ በዚያው ትኬት የሚገባበት፣ የሰሜን አሜሪካ እንስሳት የሚታዩበት መካነ አራዊት አለ፤ ከደጅ ባለው ቸኮሌት ወርልድም ቸኮሌት እንዴት እንደሚሠራ ተቀምጠው እየተጓዙ በነፃ ማየት ይችላሉ። ማንም አይነግሥም፤ ማንም ግን ዕቃ ጠባቂ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ የዚህ ጸሐፊ ምርጫ ኸርሺፓርክ ነው።

ይህ መልስ ግን ለሁሉ አይሆንም። ልጆቹ የ6፣ የ4 እና የ2 ዓመት ቢሆኑ ደች ወንደርላንድ፣ ወይም በፊላደልፊያ አቅራቢያ የሚገኘውና በ1980 የተከፈተው ሰሲሚ ፕሌስ ይበልጣል። የ16፣ የ14 እና የ12 ዓመት ቢሆኑ ኪንግስ ዶሚኒየን ያለ ክርክር ያሸንፋል። ታላቁ 17፣ ታናሹ 2 ከሆኑ ደግሞ አንድ ፓርክ ለሁለቱ መፈለግ ራስን ማታለል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ግማሽ ቀናት ማዘጋጀት የበለጠ ሐቀኝነት ይሆናል። የሚወረሰው ስሌቱ እንጂ መልሱ አይደለም።

“ዕቃ ጠባቂ” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋልት ዲዝኒ የዲዝኒላንድ ሐሳብ እንዴት እንደ መጣለት ሲናገር፣ በሎስ አንጀለስ ሴት ልጆቹ በሽክርክሪት ፈረስ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም ብሎ እንዳሰበ ይገልጽ ነበር። በጁላይ 1955 በአናሃይም የተከፈተው ፓርክ የዚያ አግዳሚ ወንበር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ያ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የአያት ነው። ቦርሳውን፣ ጃኬቱን፣ የምሳውን ዕቃ ታቅፈው “እኔ እዚሁ ደኅና ነኝ፤ እናንተ ተጫወቱ” ይላሉ። ይሉኝታቸውን እንደ ፈቃድ አንቁጠርባቸው። አልናገርም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም።

በፓርኩ ውስጥም ቀኑን የሚያድነው ትንሽ ሕገ መንግሥት ነው። ጠዋትና ማታ የጋራ ሰዓት ይሁን፤ ሁሉም በአንድነት የሚያዩትና የሚሣፈሩት ይመረጥ። ቀትር ላይ የየግል ሰዓት ይሁን፤ አንዱ ወላጅ ከታላላቆቹ፣ ሌላው ከታናሹና ከአያት ጋር ይሂድ፤ በእኩሌታውም ይለዋወጡ። ብዙ ፓርኮች ደግሞ አንዱ ወላጅ ሲሣፈር ሌላው ከታናሹ ጋር ጠብቆ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ሳይሰለፍ ተራውን የሚያገኝበት ሥርዓት አላቸው፤ ሲገቡ መጠየቅ ነው። ሕዝብን አንድ የሚያደርገው ሁልጊዜ አብሮ መዋል ሳይሆን፣ መቼ ተለያይቶ መቼ እንደሚገናኝ ተስማምቶ ማወቁ ነው።

“ልጅ መተውን ይማር፤ ዓለም በእርሱ ፈቃድ አትዞርም” የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት ብለዋል። ነገር ግን መተው ትምህርት የሚሆነው በተራ ሲሆን ነው። ዘንድሮ ታላቁ፣ ለከርሞ መካከለኛዋ፣ ከዚያም ታናሹ ቢተው ሁሉም ተምረዋል። በየዓመቱ የሚተወው አንድ ልጅ ከሆነ ግን ያ ልጅ የተማረው ትዕግሥት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለውን ደረጃ ነው።

የገንዘብ መለኪያ

ከቁመቱ እንጨት ጎን ሌላ መለኪያ አለ። ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ የተባለውን፣ ሰልፍ ሳይጠብቁ በተያዘ ሰዓት የሚገባበትን ሥርዓት ሲጀምር ለሁሉም በነፃ ነበር። በ2021 ግን በገንዘብ በሚገዛ አገልግሎት ተተካ። ዛሬ በርካታ ፓርኮች፣ ኸርሺፓርክን ጨምሮ፣ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ሰልፉን አልፎ የሚገባበት ትኬት ይሸጣሉ። የሐርቫርዱ ፈላስፋ ማይክል ሳንደል በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገንዘብ ሊገዛቸው የማይገባ ነገሮችን ሲመረምር ይህንኑ የፓርክ ሰልፍ እንደ አንድ ምሳሌ ወስዶታል።

ሰልፍ በዘመናችን ከቀሩት የእኩልነት ተቋማት አንዱ ነው። ሐኪሙም፣ ታክሲ ነጂውም፣ የድርጅት ባለቤቱም በሰልፍ ፊት አንድ ሰው ናቸው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ልጅ ይህን በፓርክ ሰልፍ ላይ ቢማር ብዙ መጽሐፍ ከሚያስተምረው ይበልጣል። በአጠገቡ ባለው ባዶ መንገድ ሌላ ልጅ እየሮጠ ሲያልፍ ባየ ጊዜ ግን “ለምን?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ማዘጋጀት የወላጅ ፈንታ ነው። የሚከፍል ቤተሰብን አልኮንንም፤ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሠራተኛ ሁለት ሰዓት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ይሁን እንጂ ለአንዱ ልጅ ገዝቶ ለሌላው መተው ቤትን ለሁለት መክፈል ነው። ከዚያ ይልቅ በሥራ ቀን መሄድ፣ በሩ ሲከፈትም ቀድሞ መድረስ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሰዓት ያለ ክፍያ ይመልሳል።

ከአጥሩ ውጪ የቀሩት

ሦስተኛው መለኪያ ዛሬ ተነሥቷል፤ ሊረሳ ግን አይገባም። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ግሌን ኤኮ የሚባል የቀድሞ የመዝናኛ ፓርክ አለ። በጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደው በዚያ ፓርክ ገብተው በሽክርክሪቱ የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀመጡ። አምስቱ ታሰሩ። ተማሪዎቹና ጎረቤት ሠፈር የሚኖሩ ነጮች ክረምቱን ሁሉ በደጃፉ ተሰልፈው ተቃወሙ፤ በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ፤ በ1964 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። ሽክርክሪቱ በ1921 የተሠራ ነው፤ ዛሬም በዚያው አለ፤ ስፍራውንም የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይጠብቀዋል።

በባልቲሞር አጠገብ የነበረው ግዊን ኦክ ፓርክም እንዲሁ ከብዙ ሰልፍና እስራት በኋላ በኦገስት 28 ቀን 1963 በሩን ለጥቁሮች ከፈተ፤ ቀኑ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታላቁን ንግግር ያደረገበት ነው። በዚያን ቀን በሽክርክሪቱ ላይ የተቀመጠችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ልጅ ሻሮን ላንግሊ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ያ ሽክርክሪት በ1981 በዋሽንግተን ወደሚገኘው ናሽናል ሞል ተዛውሯል። ኪንግ ራሱም በዚያው ዓመት ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ መታገሥ የማይቻልበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጁን በቴሌቪዥን ያየችው ፈንታውን የተባለ ፓርክ ለጥቁር ልጆች ዝግ መሆኑን ማስረዳት እንዴት እንደሚያንቅ አንሥቷል።

አስቡት። ስለ ድምፅ መብትና ስለ ትምህርት ቤት ብዙ የሚባል ነገር በነበረበት ትግል ውስጥ የመዝናኛ ፓርክ ለምን ተጠቀሰ? አድልዎ ለሕፃን ልጅ የሚገለጠው በሕገ መንግሥት አንቀጽ ሳይሆን “አንቺ አትገቢም” በሚል ደጃፍ ስለሆነ ነው። ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን ያለ ሥጋት የምናልፍበት በር በራሱ የተከፈተ አይደለም፤ የከፈቱት የሌላ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ይህን ለ15 ዓመቱ ልጅ መንገር የጉዞው አካል ይሁን። በሌላ የዕረፍት ቀን ታናሹን የግሌን ኤኮን ፈረስ እያሣፈሩ ታሪኩን ለታላቁ ቢነግሩት፣ በጥቂት ወጪ ሁለት ትምህርት ይገኛል።

እንግዲህ ሦስት መለኪያዎች አየን። የቀለሙ መለኪያ ግፍ ነበርና ተሰበረ። የገንዘቡ መለኪያ እያደገ ነው፤ ዓይናችንን ከእርሱ ላይ አናንሣ። የቁመቱ መለኪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚያስቀረውን ልጅ ቀን መካስ የቤተሰብ ድርሻ ነው።

እኛ ደግሞ ለዚህ ባዕድ አይደለንም። በጃን ሜዳ የጥምቀትን በዓል ያየ ሰው፣ ዕድሜ ሳይለይ ሁሉም በአንድ ሜዳ የየራሱ ድርሻ እንዳለው ያውቃል። ካህናቱ ያሸበሽባሉ፤ ጎረምሳው ሎሚ ይወረውራል፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ያያል። አጭር በመሆኑ የቀረ የለም፤ አጭሩን ከፍ የሚያደርግ ትከሻ አለና። የመዝናኛ ፓርክ ስንመርጥ የምንፈልገው ያንኑ ነው፤ ትልቁን ሮለር ኮስተር ሳይሆን፣ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ እያንዳንዱ የሚያወራው ነገር የሚኖርበትን ቀን።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በመጪው የዕረፍት ወራት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ “የት እንሂድ?” ከማለታችሁ በፊት “እዚያ ብንሄድ ማን ይቀርብናል?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት። ታላቁ ልጅ “ታናሼ ይቀራል” ብሎ ራሱ የተናገረ ቀን፣ ትኬቱ ሳይቆረጥ ጉዞው ፍሬ አፍርቷል።

ቸር እንሰንብት።